ጎሚስታው 40 ይላል፣ በሩ 230 ይላል፤ ለቁልቢ መንገድ የትኛው?

ጥያቄው ይህ ነው፦ «እ.ኤ.አ. በ2008 የተሠራች ቪትዝ አለችኝ። ሠፈሬ ያለው ጎሚስታ ጎማዬን ሁልጊዜ 40 ንፋስ ይሞላልኛል። በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ግን የፊት 230፣ የኋላ 220 ይላል። ጎማው ራሱ ላይ ደግሞ ማክስ 44 የሚል ተጽፏል። ለታኅሣሥ ገብርኤል እናቴን ጨምሮ አምስት ሆነን ከአዲስ አበባ ቁልቢ እንሄዳለን። አጎቴ የድሮ ሹፌር ነው፤ ‹አዋሽ ስትደርሱ ጎማው ስለሚግል አስተንፍሱት› ይለኛል። ማንን ልስማ?»

ወንድሜ፣ ለመንገድ እየተሰናዳህ ስለሆነ መልሱን ላስቀድምና ምክንያቱን ላስከትል። የምትሰማው የበሩን ወረቀት ነው። 230 ኪሎፓስካል ማለት 33 ፒኤስአይ፣ 220 ደግሞ 32 ፒኤስአይ ነው (ሁለቱም የንፋስ ጫና መለኪያዎች ናቸው፤ ጎሚስታው የሚናገረው በፒኤስአይ ነው)፤ ለከተማ ውሎህ በዚሁ ሂድ። ለቁልቢው ጉዞ ግን አምስት ሰውና ሻንጣ ስለምትጭን፣ የአዳማውንም ፈጣን መንገድ ስለምትይዝ፣ አራቱንም ጎማ 35 አስሞላ። ሲሞላም በጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ይሁን። አዋሽ ላይ ምንም እንዳታስተነፍስ። 40ውን ተወው።

ግራ ያጋቡህ ሦስቱ ቁጥሮች የሚናገሩት ስለተለያየ ነገር ነው። ጎማው ላይ ያለው 44 ጣሪያው ነው፤ ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ከዚህ በላይ እንዳይሞላ ፋብሪካው ያስቀመጠው ወሰን። ጎማውን የሠራው ፋብሪካ የትኛው መኪና ላይ እንደሚገጠም አያውቅም። ያው መጠኑ 165/70 አር 14 የሆነ ጎማ ባንተ ቪትዝ ላይም ሆነ በሌላ ትንሽ መኪና ላይ ሊታሰር ይችላል። የበሩን ቁጥር ያወጣው ግን መኪናዋን የሠራው ነው። ፊቷ ላይ ስንት ኪሎ እንደሚያርፍ፣ ኋላዋ ላይ ስንት፣ ሰው ሲሞላባት ስንት እንደሚጨምር፣ ፍሬን ሲያዝ ክብደቱ ወዴት እንደሚያደላ መዝኖና ነድቶ ነው ያወጣው። ሞተሩም ማርሹም ፊት ስላለ ነው የፊቱ ቁጥር በጥቂቱ የሚበልጠው። የጎሚስታው 40 ከሁለቱም የመጣ አይደለም። የልማድ ቁጥር ነው፤ ለቪትዝም፣ ለኮሮላም፣ ለፒክአፕም ያው 40 ነው።

«የኔ መኪና ወረቀቱ የላትም» የሚሉ ብዙ ሰዎች ያጋጥሙኛል። መኪናዋ ከጃፓን መጥታ መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተቀየረላት ከሆነች፣ ወረቀቱ ድሮ ሹፌሩ ይቀመጥበት በነበረው በኩል፣ ዛሬ ተሳፋሪው በሚገባበት የፊት በር ምሰሶ ላይ ነው የሚቀረው። እዚያ ፈልጉት። ጽሑፉ በጃፓንኛ ቢሆንም ግድ የለም፤ የጎማው ልክና ከጎኑ ያሉት ባለሦስት አኃዝ ቁጥሮች ይበቃሉ። ቀለም ሲቀባ ተልጦ ከጠፋ የመኪናዋ መመሪያ መጽሐፍ ላይ አለ፤ እሱም ከሌለ ዓመቷና ሞዴሏ አንድ ከሆነ የሌላ ሰው መኪና ላይ ማንበብ ነው። ኪሎፓስካሉን ለ7 ብታካፍለው ለጎሚስታው የምትነግረውን ፒኤስአይ በቅርብ ታገኛለህ፤ 230 ለ7 ሲካፈል ወደ 33 ይመጣል። ጎሚስታው «ሁለት ከሦስት ላድርገው?» ካለህ ደግሞ ባር በሚባለው ሌላ የጫና መለኪያ እየተናገረ ነው፤ 2.3 ባር ያው 33 ነው።

አሁን ወደ 40ው። ጎሚስታውን አልወቅሰውም፤ የራሱ ምክንያት አለው። ደንበኛው ንፋስ ለማስለካት የሚመጣው ጎማው ዓይን ላይ ሲወድቅ ብቻ ስለሆነ፣ «ብዙ ልሙላለት፣ እስኪመለስ ይቆይለታል» ይላል። ጉድጓድ የበዛበት መንገድ ላይ ጠንካራ ጎማ ቸርኬውን ያድነዋል የሚል እምነትም አለ። ይህ በከፊል እውነት ነው። ጎማው በጣም ከላላ የጉድጓዱ ጠርዝ ጎማውን እስከ ቸርኬው ድረስ ይጨፈልቀዋል፤ ጎኑ ላይ እብጠት የሚወጣው ብዙውን ጊዜ እንዲህ ነው። ነገር ግን የዚህ መድኃኒት ትክክለኛው ልክ ነው እንጂ ከልክ በላይ መሙላት አይደለም። ባዶዋን አንድ ቶን ገደማ በምትመዝን መኪና ላይ 40 ሲሞላ ጎማው መንገዱን የሚነካው ይበልጡን በመሀሉ ይሆናል። መሀሉ ቶሎ ያልቃል፤ ጠርዞቹ ገና አዲስ ይመስላሉ። ኮረት ወይም አሸዋ የተበተነበት አስፋልት ላይ ፍሬን ስትይዝ መኪናዋ ትንሸራተታለች፤ ኮብልስቶን ላይ ትዘላለች፤ የጉድጓዱም ምት በጎማው ከመብረድ ይልቅ በቀጥታ ወደ ሾክአብዞርበሩና ወደ መሪው ይሄዳል። ጎማህን መሀልና ዳር በእጅህ ዳስሰው፤ 40 ስትነዳ ከከረምክ ልዩነቱን ታገኘዋለህ።

በአንጻሩ ያነሰው ንፋስ የበለጠ ያስፈራኛል፣ ምክንያቱም አይታይም። የዛሬ ጎማ ጎኑ ለስላሳ ስለሆነ ሙሉ ሆኖም ትንሽ የረገበ ይመስላል። 33ና 25ን በዓይን መለየት አይቻልም፤ በእግር መምታትም የሚነግርህ ጎማው ጨርሶ መተንፈሱን ብቻ ነው። ንፋሱ ሲያንስ ጎኑ በየዙሩ ከልኩ በላይ ይታጠፋል፤ ሽቦ ደጋግመህ ስታጣጥፈው መታጠፊያው ላይ እንደሚግለው ጎማውም ከውስጥ ይግላል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ይህ መተጣጠፍ በደቂቃ ከ900 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ሙቀቱ ላስቲኩን ከሽቦው የያዘውን ትስስር ይፈታዋል፣ ከዚያ የላይኛው ሽፋን ይገነጠላል። ሰው «ጎማው በሙቀት ፈነዳ» ይላል። ሙቀቱ የመጣው ግን በአብዛኛው ንፋሱ አንሶ ስለነበረ ነው፤ ብዙ ስለሆነ አይደለም። የአጎትህ ምክር የተገላቢጦሽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው።

ለዚህ ትልቁን ትምህርት ያመጣው የአሜሪካው የፎርድ ኤክስፕሎረርና የፋየርስቶን ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማዎችን ከገበያ ሰበሰበ፤ አብዛኞቹ በኤክስፕሎረር ላይ የታሰሩ ነበሩ። በሙቀት፣ በፈጣን መንገድ፣ ጭነት ሞልተው ሲሄዱ ሽፋናቸው እየተገነጠለ መኪናው ይገለበጥ ነበር፤ ከ200 በላይ ሰው ሞቷል። ፎርድ ለዚያ መኪና ያዘዘው 26 ፒኤስአይ ብቻ ነበር። ፋየርስቶን «ልካችሁ ዝቅተኛ ነው» አለ፣ ፎርድ «ጎማችሁ ጉድለት አለበት» አለ፤ ለብዙ ጊዜ ተወነጃጀሉ። የጎማው አሠራር ችግር እንደነበረበት አያከራክርም፤ ግን ዝቅተኛ ንፋስና ሙቀት ሲደመሩ ለስህተት የሚቀረው ቦታ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ዓለም ያየው ያኔ ነው። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፤ ዛሬ በአዳዲስ መኪኖች ዳሽቦርድ ላይ የምናየው የጎማ ንፋስ መብራት የዚያ ሕግ ውጤት ነው። መብራቱ ላላቸው ሁሉ አንድ ነገር ልበል፦ በአሜሪካው ደንብ መብራቱ እንዲበራ የሚገደደው ንፋሱ ከታዘዘው 25 በመቶ ሲወርድ ነው። 33 ለሚያስፈልጋት መኪና ይህ 25 አካባቢ ማለት ነው። መብራቱ አልበራም ማለት ልኩ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ያንተ ቪትዝ ደግሞ መብራቱም የላት ይሆናል።

ስለዚህ የራስህ መለኪያ ይኑርህ። ጎሚስታ ቤት ያለው ጌጅ በቀን ስንቴ መሬት ላይ እንደሚወድቅ ያየ ሰው ቁጥሩን በእምነት ብቻ አይቀበልም። አንዱን ጎማ ሦስት ቦታ ብታስለካ ሦስት ቁጥር ብታገኝ አይግረምህ። የኪስ መለኪያ ከዳሽቦርድ ኪስ አይበልጥም፤ እሷን ይዘህ ስትሄድ ጎሚስታው ሞላሁ ያለህን ራስህ ታረጋግጣለህ። ለካ የምልህ በወር አንድ ጊዜ ነው። ምንም ያልተበሳ ጎማ እንኳ በወር ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ በራሱ ያጣል።

«ቀዝቃዛ» የሚባለው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሁሉም የሚሳሳተው እዚህ ነው። የበሩ ቁጥር ቢያንስ ለሦስት ሰዓት የቆመች ወይም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያልበለጠ የተነዳች መኪና ቁጥር ነው። ከዚያ በላይ ከተነዳ ጎማው ይሞቅና ቁጥሩ ይጨምራል፤ ረጅም መንገድ ላይ ከ4 እስከ 6 ፒኤስአይ መጨመሩ ያለና የታሰበበት ነው፣ የመኪናው ሠሪም ይህን አውቆ ነው የቀዝቃዛውን ልክ ያወጣው። ችግሩ ጎሚስታው ከቤትህ ሦስት ኪሎ ሜትር የሚርቅ ከሆነ ነው፤ እዚያ ስትደርስ ጎማው ቀዝቃዛ አይደለም። መላው ቀላል ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከቤትህ ሳትነሳ ለካ። አንዱ ጎማ 29 ቢልህና የምትፈልገው 35 ቢሆን የጎደለው 6 ነው። ጎሚስታው ጋ ስትደርስ ያው ጎማ 31 ቢል በ31 ላይ 6 ጨምረህ 37 አድርገው። ማታ ሲበርድ ራሱ 35 ላይ ይመጣልሃል። ጎሚስታው «አንዱን 37 ሌላውን 36 ትላለህ፣ ምን ሆነህ ነው?» ሊልህ ይችላል፤ ፈገግ በልና አስሞላ።

የታኅሣሥ የአዲስ አበባ ብርድ ይህን ያጎላዋል። ከሰዓት በኋላ 20 ዲግሪ ሲሆን፣ መኪናዋ ቆማ በርዳ ሳለ 33 የሞላኸው ጎማ፣ ሊነጋ ሲል ቅዝቃዜው 8 ዲግሪ ሲደርስ 31 ገደማ ይላል። ንፋስ የወጣ ይመስልሃል፤ የወጣ የለም፣ አየሩ ስለበረደ ነው የኮሰሰው። በግምት በየ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለውጥ 1 ፒኤስአይ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል ብለህ ያዝ።

አሁን መንገዱን አብረን እንሂደው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ከውጭ ጎማውን የሚጫነው አየር 11 ፒኤስአይ ገደማ ነው፤ ባሕር ዳርቻ ላይ 14.7 ነው። መለኪያህ የሚያነበው በጎማው ውስጥና በውጭ ባለው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። ስለዚህ ከደጋ ወደ ቆላ ስትወርድ የውጭው አየር እየከበደ ስለሚሄድ ጎማው ላይ የምታነበው ቁጥር ይቀንሳል። «ደጋ ላይ የተሞላ ጎማ ቆላ ሲወርድ ይፈነዳል» የሚለው ወሬ ፊዚክሱን ገልብጦ የያዘ ነው። ከአዲስ አበባ ተሞልቶ ጅቡቲ ወደብ የወረደ ጎማ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ያጣ ነበር። ሙቀቱ ግን ይለወጣል፤ ከፍታው የወሰደውን ሙቀቱ ይመልሰዋል፣ ትንሽም ይጨምርበታል።

ቁጥር ላስቀምጥልህ። ጠዋት በ8 ዲግሪ 35 ሞልተህ ወጣህ። ከቱሉ ዲምቱ ገብተህ ፈጣኑን መንገድ ይዘህ፣ አዳማን አልፈህ፣ መተሐራን አልፈህ አዋሽ ስትደርስ ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር አካባቢ ወርዷል፤ የውጭው አየር ጫና 13 ፒኤስአይ ገደማ ሆኗል። እዚያ 30 ዲግሪ ሆኖ፣ ጎማው ከመንዳት የተነሳ ውስጡ 50 ዲግሪ ቢያልፍ፣ መለኪያህ 40 ገደማ ያሳይሃል። አጎትህ የሚፈሩት ይህንን 40 ነው። አስተንፍሰህ ወደ 35 መለስከው እንበል። ከዚያ ሚኤሶን አልፈህ ወደ ጭሮ ትወጣለህ፣ በሂርና አድርገህ ቁልቢ ትገባለህ፤ ቁልቢ እንደገና ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ሌሊቱን ንግሥ ቆመህ፣ ጠዋት በዚያ የደጋ ብርድ ጎማውን ብትለካው 30 ይልሃል። ያውም አምስት ሰው፣ ሻንጣ፣ የበረከት ዕቃ ጭነህ፣ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ልትመለስ። ሳታስተነፍስ ቢቀር ኖሮ ያው 35ህን ታገኝ ነበር። ድሬዳዋ ወርደህ ብታድር እንኳ ከፍታው 1,200 ሜትር ገደማ፣ ጠዋቱም ሞቅ ያለ ስለሆነ፣ የከፍታውና የሙቀቱ ለውጥ ይጣጣሉና በጠዋት የምታነበው እዚያው 35 አካባቢ ነው።

አጎትህ ይህን ከየት አመጡት ካልክ፣ ጎማ በውስጡ ከመነዳሪ (ንፋስ የሚይዝ የውስጥ ላስቲክ) በነበረው፣ የተሠራበትም ሽቦ ሳይሆን ክር በነበረበት፣ ከልኩም በላይ ይጫን በነበረበት ዘመን ጎማ በእርግጥ በየመንገዱ ይፈነዳ ነበር። ሹፌሩ ያየው ቁጥሩ ሲወጣ ነው፣ የቀነሰውም እሱን ነው። ያኔም ቢሆን የሚሻለው ጭነቱን መቀነስና ፍጥነቱን ማብረድ ነበር። እኔ እንዲህ ብዬ እንደጻፍኩ ንገራቸው፤ ካልተስማሙ ቁልቢ ላይ በጠዋት አብራችሁ ለኩ።

ታዲያ አዋሽ ላይ ስትቆም ምንም አትሥራ ማለቴ አይደለም። ቁጥሩን ከበሩ ወረቀት ጋር ሳይሆን ጎማን ከጎማ ጋር አስተያይ። የፊት ግራው 40፣ የፊት ቀኙ 39 ከሆነ ደኅና ነው። አንዱ 40 ሌላው 34 ከሆነ ግን 34ቱ እያፈሰሰ ነው፤ ሚስማር ፈልግ፣ ቫልቩ ላይ ምራቅ ወይም ውሃ ጠብ አድርገህ አረፋ ያወጣ እንደሆነ እይ። መለኪያ ባይኖርህም እጅህን በየጎማው ጎን ላይ አስጠግተህ ሞክር። ከሌሎቹ ለይቶ የሚያቃጥል ጎማ ካለ ወይ ንፋሱ አንሷል፣ ወይ የዚያ ጎማ ፍሬን አልለቅ ብሎ እየያዘ ነው። ሁለተኛው ከሆነ ከቁልቢ ወደ ደንገጎ፣ ከደንገጎም ወደ ድሬዳዋ የሚወርደውን ቁልቁለት ሳትሞክር መካኒክ ጋ ቁም። ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ (በአንደኛ ወይም በሁለተኛ) ውረድ። ፍሬን ላይ እንደተንጠለጠልክ ከወረድክ ሙቀቱ በቸርኬው በኩል ወደ ጎማው ይገባል፣ ያን ጊዜ የትኛውም የንፋስ ልክ አያድንህም።

35 ያልኩህ ለምንድን ነው፣ በሩ 33 እያለ? የጃፓን ወረቀት ብዙውን ጊዜ አንድ ልክ ብቻ ነው የሚሰጠው። የአውሮፓ መኪኖች ግን ሁለት ይሰጣሉ፦ አንዱ ለሁለት ለሦስት ሰው፣ ሌላው ለሙሉ ጭነትና ለፈጣን መንገድ። የሁለተኛው ልክ በተለይ ከኋላ ከፍ ይላል። ከታዘዘው ላይ 2 ወይም 3 ፒኤስአይ መጨመር ለሙሉ ጭነት ተገቢ ነው፣ ከጎማው ጣሪያም በጣም ይርቃል። ስትመለስና ብቻህን ሥራ መመላለስ ስትጀምር ወደ 33ና 32 መልሰው። 40 እና 35 ምን ለየው የምትል ከሆነ፣ 40 ቀዝቃዛ ሞልተህ ብትወጣ አዋሽ ላይ 46 ገደማ ታነብ ነበር። ወዲያው አይፈነዳም፤ የተጻፈው 44 የቀዝቃዛ ልክ ስለሆነ። ግን በዚያ ጥንካሬ ላይ የጉድጓድ ጠርዝ ስትመታ ጎማው የሚታጠፍበት አቅም ስለሌለው ውስጡ ያለው ሽቦ ሊበጠስ ይችላል።

በሐምሌው ገብርኤል የምትሄዱ ደግሞ ሌላ ነገር አለባችሁ፣ ዝናብ። ጎማ ውሃ ላይ የሚንሳፈፍበት ፍጥነት ከንፋሱ ጋር የተያያዘ ነው። የናሳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 ባሳተሙት ቀመር መሠረት፣ 33 ፒኤስአይ ያለው ጎማ በሰዓት 96 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ 25 ያለው ግን 83 ላይ ከአስፋልቱ ሊለቅ ይችላል። ቀመሩ ለአውሮፕላን ጎማ የወጣ፣ ብዙ ውሃ ለተኛበት መንገድ ነው፤ የመኪና ጎማ ላይ ጥርሱ ማለቅ አለማለቁ ብዙ ይለውጠዋል። አቅጣጫውን ግን ያሳያል፦ የላላ ጎማ ቀድሞ ይንሳፈፋል። ስለ ነዳጅ ደግሞ ባጭሩ፣ ከልኩ በታች በየ1 ፒኤስአይ የነዳጅ ፍጆታው በ0.2 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብዙ አይደለም፤ ጎማው ያለጊዜው ማለቁ ነው ኪስ የሚጎዳው።

ሌሎች አንባቢዎችም ተመሳሳይ ጥያቄ ስለሚኖራቸው ጥቂት ልጨምር። ይህ 33 የቪትዟ ነው፤ ለሌላ መኪና አትውሰዱት። ሚኒባስና ፒክአፕ ሲጫኑ የኋላቸው ከፊታቸው በብዙ ይበልጣል፣ ወረቀታቸውም እንዲያ ይላል። አሁን መንገዱን የሞሉት የኤሌክትሪክ መኪኖች በባትሪው ምክንያት ከባድ ስለሆኑ 36 እና ከዚያ በላይ የሚያዙ ብዙ ናቸው፤ ለነሱ 33 ያንሳል። ከፋብሪካው መጠን በጥቂቱ የወጣ ጎማ ያሰራችሁ፣ ለምሳሌ ስፋቱን ከ165 ወደ 175 የቀየራችሁ፣ ከበሩ ቁጥር ብትነሱ ብዙም አትሳሳቱም። «ናይትሮጅን ልሙላ?» ለሚል፦ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ደረቅ ስለሆነና ቀስ ብሎ ስለሚያልቅ ትንሽ ጥቅም አለው፤ ለሱ ብሎ ከተማ ማቋረጥ ግን አያስፈልግም።

ሚኒሶታ ወይም ስቶክሆልም ያላችሁ በመስከረም መጨረሻ የሞላችሁትን በጥር አትመኑ። ከ20 ዲግሪ ወደ 20 ከዜሮ በታች ሲወርድ የሚጠፋው 7 ፒኤስአይ ገደማ ነው፣ የጠዋቱ መብራትም የሚበራው ለዚህ ነው። ጎማው አልተበሳም፤ በዚያው ብርድ ወደ በሩ ልክ ሙሉት። ዱባይና ሪያድ ያላችሁ ደግሞ በበጋው ቀትር ለክታችሁ አታስተንፍሱ፤ ከንጋት በፊት፣ መኪናው ጥላ ስር አድሮ ለኩት።

ከመውጣትህ በፊት አንድ ቀሪ ሥራ አለ፣ ሁሉም የሚረሳው ተጠባባቂ ጎማ። ቪትዝ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ቀጭኑ ነው፤ ጎኑ ላይ 60 ፒኤስአይ ወይም 420 ኪሎፓስካል ይላል፣ እሱ ደግሞ በእርግጥ 60 ነው የሚሞላው። ጎሚስታው «ይህች ትንሽ ጎማ እንዴት 60 ትችላለች?» ብሎ ቢያመነታ ጽሑፉን አሳየው። ከ80 በላይ አይነዳበትም፣ ቁልቢ ድረስም አይኬድበትም፤ አቅራቢያ ያለ ጎሚስታ ድረስ ብቻ ነው። ፊት ለፊት ያለው ጎማ ቢተነፍስ ደግሞ ይህችን ቀጭን ጎማ ከኋላ እሰራትና የኋላውን ጤነኛ ጎማ ወደ ፊት አምጣው፤ መሪውም አብዛኛው ፍሬንም ያለው ፊት ነው። ክሪኩንና የብሎን መፍቻውን በዚያው ከሻንጣው ሥር አውጥተህ መኖራቸውን እይ፣ አንዱን ብሎንም ፈትተህ መልሰህ እሰር። ጎሚስታ በማሽን ያጠበቀውን ብሎን በእጅ መፍታት መቻልህን ማወቅ ያለብህ ከሚኤሶ በኋላ በጨለማ ሳይሆን ግቢህ ውስጥ ነው።